ደሴቷን ያየ መነጽር

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። አባቴ ጀፕ የሚባለው የገበያ ሰፈር ያለውን የብርድ ልብስ ሱቁን በጠራራ ቀን ዘግቶ፣ የእሁድ ኮቱን ለብሶ፣ ወረቀታችንን በፕላስቲክ ከቶ ትምህርት ቤቴ መጣ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በማግስቱ ክፍላችን በአውሮፕላን ከአገር ውጭ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ሊሄድ ነው፤ እሳተ ገሞራ ከባሕር መሀል የገፋት፣ አለቷ ጥቁር የሆነ ደሴት።

ጆሃንስበርግ ባሕር የላትም። ስኩባ፣ አየር አዝሎ ውሃ ሥር መዋኘትን፣ የተማርነው በትምህርት ቤቱ መዋኛ ገንዳ ነው። «ሚስ» የምንላት አሠልጣኛችን ጥቁር ቀለም የቀባቻቸውን ድንጋዮች ገንዳው ሥር ከምራ «ደሴቷ ይቺ ናት» ትለን ነበር። የአየር ሲሊንደር አዝለን ሁለት ሁለት ሆነን እንዞራታለን። የክሎሪኑ ሽታ፣ አፌ ውስጥ የያዝኩት ጎማ ጣዕም፣ ጆሮዬን የሚሞላው የራሴ ትንፋሽ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል። አጣማሪዬ ታንዲ ነበረች፤ ወሬ የማይደክማት ልጅ። ውሃ ውስጥ ግን እሷም እንደኔ ዝምተኛ ናት። እዚያ ንግግሩ በእጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ክብ ከሠሩ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ የተዘረጋ መዳፍ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ችግር አለ ማለት ነው። «ይህን ያየ አጣማሪውን ጥሎ አይሄድም» ትል ነበር ሚስ።

እኔ ለቤታችን የደብዳቤውም፣ የክሊኒኩም፣ የባንኩም አስተርጓሚ ነበርኩ። ውሃ ሥር ግን «ምን አለች?» የሚለኝ ሰው የለም።

አባቴ መጀመሪያ ላይ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» ብሎ አንገራግሮ ነበር። ኋላ ግን ራሱ ጀፕን ሲያስስ ውሎ ሰማያዊ የመጥለቂያ መነጽር አመጣልኝ።

የጉዞውን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። «የጉዞ ሰነድ አላት?» ለሚለው «አዎ» ላይ ምልክት አደረግኩ። ቤታችን ሰነድ ማለት አንድ ነበር፤ አባቴ በየጊዜው ተሰልፎ የሚያሳድሰው የጥገኝነት ወረቀት። ትምህርት ቤት ያስገባኝ፣ ክሊኒክ ያሳከመኝ እሱ ነው። አውሮፕላን እንደማያሳፍር በምን ልወቅ?

ያን ዓርብ ሚስ ከጉዞው በፊት የሁላችንንም ሰነድ ልታይ ነበር። «ሳውቦና ሚስ» ብሎ በዙሉኛ ሰላምታ ሰጣት አባቴ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ እያቀበላት። ሚስ አየችው፤ ገልብጣም አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በእንግሊዝኛ «የኔ ቆንጆ፣ በዚህ ከአገር ብትወጪ መመለስ አትችይም» አለችኝ።

«ምን አለች፣ ምሕረትዬ?»

አባቴ ፈገግ እንዳለ ኮቱን ያስተካክላል። የእሁድ ኮቱን።

«እኔ... ፈርቻለሁ ብያት ነው አባዬ። ባሕሩን። አልሄድም።»

አባቴ በሳቅ ፈረሰ። «ለዚህ ነው ሱቅ ያስዘጋሽኝ? ተይው፣ ጌታ ይባርክሽ! እንቅልፍ አጥቼ የሰነበትኩትስ እኔ!» ሚስ እሱ ሲስቅ አይታ ግራ በመጋባት ትከሻዬን ነካችኝ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፤ አባቴ ሸብቷል። ወረቀቱ አሁንም ይታደሳል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁን ሲመጡ «ይቺማ ውሃ ፈሪ ናት» ብሎ ያን ዓርብ ያወራል፤ ቤቱ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። የስንቱን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ተርጉሜለታለሁ፤ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን አልቻልኩም።

በዚያ ዓርብ ማግስት ማለዳ፣ ሣሩ ገና ውርጭ እንደለበሰ፣ መነጽሬን ይዤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። እንዳይደበዝዝ፣ ሚስ እንዳስተማረችን ውስጡን በምራቄ አሸሁትና ለታንዲ ሰጠኋት። «ደሴቷን እሱ እንኳ ይያት» አልኳት። አውቶቡሱ ሲነሳ ታንዲ በመስኮቱ ጣቶቿን ክብ ሠርታ አሳየችኝ፤ ደህና ነሽ? መዳፌን ዘርግቼ ወዲያና ወዲህ አወዛወዝኩ። ከወንበሯ ብድግ ስትል አየኋት። አውቶቡሱ ግን ታጥፎ ነበር።