ድሮኗ ከመነሳቷ በፊት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ያስፈራኛል። ይቺን ግን ባስታወስኳት ቁጥር ስለምስቅ ልጽፋት አልኩ።

ኮልፌ ውስጥ በየሰው ቤት እየዞርኩ ልብስ አጥባለሁ። እሁድ እሁድ ከሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ጋር ነኝ። ክረምት ሳይገባ የአቅመ ደካሞችን ጣራ እንጠግናለን። አምና አንዱ ልጅ የበሰበሰ ቆርቆሮ ረግጦ ወደቀና እጁ ተሰበረ። ስለዚህ ዘንድሮ የትኛው ጣራ እንደተበላሸ መጀመሪያ በድሮን እንይ ተባለ። ፈቃድ ያለው አንድ ካሜራማን ለአንድ ቅዳሜ ሊያግዘን ተስማማ።

ስብሰባ ላይ ሰብሳቢያችን ጥንቃቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ከመብራት ገመድ እንራቅ፣ ከገበያ በላይ አናብርር፣ ነፋስ ካለ እንተው። የሚያበረው ሰው ዓይኑን ከድሮኗ አይንቀል፤ ስክሪኑን ሌላ ሰው ይይለት። ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ። እዚህ ላይ ደነገጥኩና አጠገቤ ላለችው ልጅ በጆሮዋ ነገርኳት።

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ተነሽና ተናገሪ" ብላ በክርኗ ገፋችኝ።

ተነሳሁ። "ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሴቶች ግቢ ውስጥ ገላቸውን ይታጠባሉ። መታጠቢያው መጋረጃ እንጂ ጣራ የለውም።"

"ኧረ በዚህ ዘመን ማን ነው ውጭ የሚታጠበው?" አለ ሰብሳቢው።

"እናትህ" አልኩት። የእነሱን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም እየሳቀ ሰዓቱን ከሰሌዳው አጠፋና "በይ እንግዲህ፣ የሚመቸውን ሰዓት ከየግቢው ጠይቀሽ አንቺው ታመጪልናለሽ" አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ግቢ ለግቢ ዞርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ሊቆይልን ተስማማ። እምቢ ያሉት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ከሁሉ የባሰ የሚያፈሰው ደግሞ የእሳቸው ጣራ ነው፤ ካልታየ ከዘንድሮው ጥገና ሊቀር ነው።

"ከላይ የሚያየኝ አንድ እግዚአብሔር ይበቃኛል" አሉኝ።

"እማማ፣ ጣራውን ብቻ ነው የምናየው።"

"የሚያየውስ ማን ነው? እነዚያ ጎረምሶች?"

"እኔ ነኝ" አልኩ ሳላስበው።

አየት አደረጉኝና "አንቺ ከሆንሽ እሺ" አሉ።

ቅዳሜ ድሮኗ እንደ ንብ እያጉረመረመች ተነሳች። ስክሪኑን በሁለት እጄ ያዝኩ። የተሰጣ በርበሬ፣ ትናንት ያጠብኩት አንሶላ፣ ሰፈሬ በሙሉ እጄ ውስጥ ገባ። "ወደ ግራ፣ ትንሽ ጨምር፣ እዚህ ጋ አቁም" እያልኩ ካሜራማኑን ሳዘው፣ ልጆቹ "ዛሬማ ማን ይቻልሽ" እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። የእማማን ጣራ ሳየው ዝጓል፤ ነፋስ እንዳይወስደው አሮጌ ጎማ ተጭኖበታል። ቀዳዳዎቹን ደግሜ ቆጠርኳቸው።

እንደጨረስን ሮጬ ሄድኩ። "እማማ፣ መጀመሪያ የሚሠራው የእርስዎ ነው። ስድስት ቀዳዳ አይቻለሁ።"

"ሰባት ነው ልጄ" አሉኝ። "አንዱ ጎማው ሥር ስለሆነ ከላይ አይታይሽም።"