የደበቅሁት አቡጀዲ

ልጆቼ ከእኔ አፍ ብዙ ተግሣጽ ሰምተው አድገዋል። ጸልዩ፣ ከጸለያችሁም እመኑ፣ ያመነ ሰው አይንቀጠቀጥም እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው። ጸልዩ ማለቴን ዛሬም አልተውሁም። ነገር ግን ይህን ሲናገር የኖረው አባታቸው በአንድ ክፉ ሳምንት ምን አድርጎ እንደነበር አልነገርኋቸውም። ሌላውን የሚገሥጽ ሰው የራሱንም ጥፋት ማውጣት ይገባዋልና እነሆ እጽፈዋለሁ።

በዚያን ጊዜ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። የፊተኛዋ ክፍል ሱቄ ነበረች፤ የኋለኛዋ ደግሞ ቤታችን። በመካከላቸው መጋረጃ እንጂ ግድግዳ አልነበረም። ፊደል የቆጠርሁት ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ አይደለም። ልብሱ የተቀደደበት አንድ ዲያቆን ነበር፤ እኔ ስጠግንለት እርሱ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ያስቆጥረኝ ነበር። እንዲህ እያልሁ ዳዊት ለመድገም ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሌሎች በልጅነታቸው ያገኙትን እኔ ጢም ካወጣሁ በኋላ ለቃቅሜ ስላገኘሁት ኩራት ነበረብኝ። እግዚአብሔርም የእኔን ድካም ከሌላው ሰው ድካም ለይቶ የሚያይልኝ ይመስለኝ ነበር።

የኅዳር በሽታ ከተማችን ሲገባ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረችን። ገበያው ተበተነ። ጠዋት ሰላም ያልነው ሰው በማግስቱ ሞተ ይባላል። መቃብር የሚቆፍር ጠፍቶ ሰው የገዛ ዘመዱን ራሱ ይቀብር ጀመር። በሽታው እኛም ቤት ገባና ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ሳል ያዛት፤ ማታውን ገላዋ እንደ እሳት ነደደ።

ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያፈላች ታጥናታለች። እኔ ደግሞ ከመደቡ አጠገብ ተቀምጬ ዳዊቴን ዘረጋሁ። የዕለቱ ድርሻ አይበቃም፣ መቶ ሃምሳውንም መዝሙር በየቀኑ እጨርሳለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሳላቋርጥ አነበንብ ነበር። ከእኛ አራት ቤት ዝቅ ብሎ ኮርቻ የሚሰፋ የወሎ ሙስሊም ጎረቤት ነበረኝ። ማክሰኞ ልጅቱን ሊጠይቅ መጥቶ ደጁ ላይ ቆሞ አዳመጠኝና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ትንፋሽ ውሰድ እንጂ። ሌላ የሚለምነው ሰው የሌለ ይመስል» አለኝ።

«አንተስ አምስት ጊዜ ታስቸግረው የለም?» አልሁት።

«እኔ ተራዬን ጠብቄ ነው» አለና ሎሚ ሰጥቶን ሄደ።

ባለቤቴ ግን ቀልድ የምትሰማበት ልብ አልነበራትም። ልጅቱን በጨርቅ እያበረደች እንባዋ ይወርድ ነበር። ይህን ባየሁ ጊዜ ተቆጣኋት። «ልቅሶ ለሞተ ነው። የምታምኚ ከሆነ ዝም በዪ» አልኋት። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ስትፈልግ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር።

ረቡዕ ሎሚ ፍለጋ ወደ ገበያ ወጣሁ። የአንድ ህንዳዊ የጨርቅ ሱቅ ገርበብ ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ደጁ ላይ ሰው ይጋፋል። ሁሉም የሚፈልገው አቡጀዲ ነው፤ ለመግነዝ። «ይኸው ነው የቀረው፣ ከዚህ ሌላ የለም» ይላል ባለ ሱቁ። በመንገዴ ላይ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልለው የሚወሰዱ ሰዎች አይቼ ነበርና አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄን ለመለካት አጠገቤ እንድትቆም አያስፈልገኝም። እዚያው በሰው መካከል እንደቆምሁ ከራሷ እስከ እግሯ በዓይነ ኅሊናዬ ለካኋት። ተጋፍቼ ገባሁና በጣቃው ላይ የቀረውን ሁሉ ገዛሁ። ለእርሷ ቁመት ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ባለ ሱቁ የሚቆርጥበት ጊዜ አልነበረውም።

ቤት ስደርስ ጨርቁን በጋቢዬ ሸፍኜ ገብቼ፣ ከስፌት መኪናው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ደበቅሁት። ከዚያ እጄን ታጥቤ፣ ዳዊቴን ዘርግቼ፣ ካቆምሁበት መዝሙር ቀጠልሁ። በአፌ አድናት እያልሁ፣ በእጄ የምትቀበርበትን አዘጋጅቼ ነበር። ደግሞም በዚያን ሰዓት ሁለቱ የሚጣሉ መሆናቸው ፈጽሞ አልታየኝም። ብልህ አባት የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ያ ጎረቤቴ መጣ። ሳይቀመጥ፣

«እናቴ ጎሕ ሲቀድ ሞተች» አለኝ።

እናቱን ሁላችንም እናውቃቸው ነበር። ረጅም አሮጊት ናቸው፤ የሰፋሁላቸውን ቀሚስ ሁሉ እጅጌው አጠረ እያሉ የሚመልሱብኝ።

«እግዜር ያጥናህ» አልሁት።

«አሜን። ከቀትር በፊት ልቀብራት ይገባል። አራዳን ዞርሁት፣ አንድ ክፍት ሱቅ የለም። ነጭ ጨርቅ አለህ? ቅጥልጥልም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«የለኝም» አልሁት።

ዳዊቱ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጎረቤቴ ዳዊቱን አየና፣ «እሺ ወንድሜ። ልጅቱን ይማርልህ» ብሎ ወጣ።

መጋረጃው ተገለጠ። ባለቤቴ ሁሉን ሰምታለች።

«ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አቡጀዲ ለማን ነው ያስቀመጡት?» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ ዳዊቱ መለስሁ።

«ትናንት መቀስ ስፈልግ አየሁት። የደንበኛ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልሁ። በዚህ ሰሞን ልብስ የሚያሰፋ ማን ነው?»

«ጨርቅ ከከተማው እየጠፋ ነው» አልኋት። «እንደ ሰው ልጅ እንድትሄድ ብዬ ነው። በአሮጌ ጋቢ እንዳትጠቀለል።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ልቅሶ ለሞተ ነው ብለው አፌን ዘጉት» አለችኝ። «እኔ አለቀስሁ እንጂ አልለካኋትም።»

ብትጮኽብኝ እመልስላት ነበር። አልጮኸችም፤ ተመልሳ ልጅቱ አጠገብ ተቀመጠች። እኔም ዳዊቱን አጠፍሁ፣ ሳጥኑን ከፈትሁ፣ ጨርቁን ይዤ ቁልቁል ወረድሁ።

ጎረቤቴ ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ በውስጥ ሴቶች ሬሳ ያጥባሉ። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አኖርሁለትና፣ «ዋሽቼህ ነበር» አልሁት።

ዳሰሰው። ቀና ብሎ አየኝ። እርሱም ሰፊ ነውና ጨርቁ ለምን እንደተገዛ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ለልጅቱ ያቆየኸው ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው መልሰህ ውሰደው። እኔ ለእናቴ አንሶላ አላጣም።»

«አልወስደውም። ለእርሷ ሕይወት እየለመንሁላት ነው።»

«እየለመንህላት ነው ይህን የገዛኸው?» አለኝ። በማፌዝ አልነበረም የጠየቀኝ፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«አዎ» አልሁት። «ሁለቱንም አደርግ ነበር።»

ጨርቁን ወደ እርሱ ሳበው። ከዚያ፣ «እናቴ ይህን ብትሰማ ትስቅብህ ነበር» አለ። «ዕድሜዋን ሙሉ እጅጌ አሳጠረብኝ እንዳለች፣ ለመጨረሻዋ ግን የተረፈ ጨርቅ አመጣህላት።» ሁለታችንም ፈገግ አልንና ወዲያው ሁለታችንም አለቀስን።

መቀስ ላምጣ ስለው፣ «አይሆንም፣ በእኛ ሥርዓት በእጅ ነው የሚቀደደው። መርፌም አይነካውም» አለኝ። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝሁ፣ ሌላውን እርሱ ያዘ፤ እርሱ እየለካ ቀደደው። በሥራ ዘመኔ አንድ ስፌት ሳላሳርፍበት ከእጄ የወጣ ጨርቅ እርሱ ብቻ ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ያደረብኝን ፍርሃት ልገልጸው አልችልም። ልጄ ብትሞት የማለብሳት የለኝም። የቀረኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እምነት ልብን የሚያረጋጋ ይመስለኝ ነበር፤ የእኔን ጉልበት ግን አንቀጠቀጠው። ገብቼ ከመደቡ አጠገብ ተንበረከክሁ። ዳዊቱን ለመዘርጋት አልደፈርሁም።

ልጅቱ ዓይኗን ገለጠችና፣ «አባዬ፣ ዛሬ አታነብም?» አለች።

«ዛሬ አብረን እንለምናለን» አልኋት።

«እኔ አላውቅበትም። ያንተን አልሰማውም እኮ፣ ግዕዝ ነው።»

«ቤት ውስጥ በምንናገረው ንገሪው። ይሰማል።»

አሰበች። ከዚያ በዚያች በደከመች ድምፅ፣ «እማዬ ጓሮ ሄዳ እንዳታለቅስ አድርግልኝ» አለች። ለራሷ ምንም አልጠየቀችም። ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ በስንት መቶ መዝሙር ውስጥ ያልደረስሁበትን ጸሎት ልጄ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ከእርሷ ቀጥዬ ማለት የቻልሁት፣ «ጌታ ሆይ፣ እርሷን ተውልኝ፤ ሌላ ምንም የለኝም» የሚለውን ብቻ ነው።

ትኩሳቱ የበረደው እሑድ ነው። በእነዚያ ቀናት መካከል ተስፋ የቆረጥንባቸው ሰዓታት ነበሩ፤ አላሳጥራቸውም፣ አላስረዝማቸውምም።

አንባቢ ሆይ፣ ጨርቁን ስለሰጠሁ ልጄ ዳነች ብዬ እንደማስተምር አትጠብቅ። እንዲህ ብዬ ባስተምር እዋሻለሁ። ጎረቤቴም ስለ እናቱ ለምኖ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ በትዕግሥት ለምኗል፣ እናቱም ሞተዋል። ያስቆጠረኝ ዲያቆንም በዚያው ወር አረፈ፤ ጸሎት የማያውቅ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ለምን አንዱን እንደሚተው ሌላውን እንደሚወስድ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚለኝንም ሰው አላምነውም። የማውቀው ይህን ነው፦ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ አነብ ነበር እንጂ አልለምንም ነበር። የሚለምን ሰው ባዶ እጁን ነው የሚዘረጋው፤ የእኔ እጅ ግን ባዶ አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ቆማ መሄድ ቻለች። ጸጉሯ ረግፎ፣ እግሮቿ እንደ መቃ ቀጥነው ነበር። እጇን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ቤት ለቅሶ ወረድሁ። ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስንገባ ቦታ ለቀቁልን። ጎረቤቴ ልጅቱን ወደ እርሱ ሳበ፣ መዳፉን የተላጨ በሚመስለው ራሷ ላይ አኖረና በዓረብኛ፣ በራሱ ሥርዓት ረጅም ዱዓ አደረገላት። ቃሉን አላወቅሁትም። ሲጨርስ እኔም አሜን አልሁ።

ልጅቱ ግን ምንጣፉ መካከል ያለውን ሳህን ታይ ነበር። «አባዬ፣ ከዚያ ቴምር አንድ ልብላ?» አለች፣ ሁሉም እየሰማት። በለቅሶ ቤት ምግብ መጠየቅ ነውር ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን በዓይኔ እገሥጻት ነበር። ከታመመች ወዲህ ግን ምግብ በአፏ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። ጎረቤቴ ሳህኑን ራሱ አንሥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት። አምስቱን በላች፤ ፍሬውንም እየተፋች በመዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ዝም ብዬ ያዝሁላት።