ጥጥ ነክሰው የተነሡት እናት

ነገሩ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል አልፎ ዝናቡ ገና ጨርሶ ሳያባራ፣ እንጅባራ ውስጥ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የማስበው የተደረገልኝን ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት። እኔ ያላደረግሁትም ነገር አለበት።

የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ለምን እንደዘገየሁ ለሚጠይቀኝ «ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር» እላለሁ። ውሸት ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ። መንገድ ላይ ትወድቃለች ብለው ቤት አስቀሩኝ፤ ደብተር የያዝሁት መድኃኒት ከጀመርሁ በኋላ ነው።

መድኃኒቱን ቀን ሳላጓድል እውጣለሁ፤ ከወደቅሁ ዓመታት አልፈዋል። ለመጨረሻ ጊዜ የወደቅሁት ዳንግላ፣ መጀመሪያ በተቀጠርሁበት መሥሪያ ቤት ነበር። በነጋታው ሻይ የምጠጣበት ብርጭቆ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ብርጭቆው ግን ሥራውን እስክለቅ ድረስ ከመስኮቱ አልወረደም። እንጅባራ ስመጣ ለማንም ላልናገር ወሰንሁ፤ ለአከራዬም ጭምር።

የፊት ጥርሶቼ ተደራርበው የበቀሉ ናቸው። ስናገር በእጄ እሸፍናቸዋለሁ። በሠላሳ ሰባት ዓመቴ ሽቦ ላሳስር ነው ስል የሥራ ጓደኞቼ «አሁን?» ብለው ሳቁ። አዎ፣ አሁን። ምኑን በጊዜው ጀምሬ አውቃለሁ?

ጥርስ የሚያስተካክለው ሐኪም በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከባሕር ዳር ይመጣል። ክፍሉ አንድ ነው። ሦስት ወንበሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው መጋረጃ የለም። ሐኪሙ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ነርሷ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ሆና ትጠይቃለች፣ መልሱንም ካርዱ ላይ ትሞላለች። መሣሪያው ስለሚጮኽ ጠያቂም ተጠያቂም ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት።

እኔ መካከለኛው ላይ ተቀመጥሁ። በግራዬ የእኛው ትምህርት ቤት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ሽቦዋን ልታስጠብቅ የመጣች። ከንፈር የሚከፍት ፕላስቲክ አፏ ውስጥ ገብቷል፤ «ቲቸር!» ልትለኝ ስትሞክር ምራቋ አገጯ ላይ ወረደ። ጥሩ ልጅ ናት። ግን ጠዋት የሰማችውን ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።

በቀኜ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ የፊት ጥርሳቸው ተሰብሯል። ነርሷ በምን እንደተሰበረ ጠየቀቻቸው። አንድ መልስ መለሱ።

«በዚህማ እንዲህ አይሰበርም እማማ፤ እውነቱን ይንገሩን እንጂ!» አለች ጮክ ብላ።

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ሌላ መልስ መለሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ግን ሰማሁት። ተማሪዋም ሰምታለች። እኔ ጭኔ ላይ መጽሐፍ ዘርግቻለሁ፤ ዓይኔ ፊደሉ ላይ ነው፣ ጆሮዬ እሳቸው ዘንድ። የማነብ እንዲመስል ገጽ እንኳ ገልጫለሁ።

ሐኪሙ የእሳቸውን ስባሪ ነቀለና ጥጥ አስነክሶ ወደ እኔ ዞረ። ድዴን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ድድዎ አብጧል። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አልሁ። ነርሷ ጻፈች። ሐኪሙ ግን ጣቱን አላነሣም።

«እንዲህ ድድ የሚያሳብጡ መድኃኒቶች አሉ። በዚህ ላይ ሽቦ ባስር ድዱ ይቆስላል፣ ጥርሱም ሊላላ ይችላል። እስቲ በደንብ ያስቡ።»

ነርሷ ከጠረጴዛዋ ሆና ስም እንደሚጠራ መምህር ዘረዘረችው። «የግፊት ነው? የስኳር? የሚጥል በሽታ?»

ተማሪዋ በዓይኗ ጥግ ታየኛለች። መስኮት ላይ ያለው ብርጭቆ ታየኝ። ሰኞ ያዋስኋቸውን መጽሐፍ በጣታቸው ጫፍ የሚመልሱልኝ ልጆች ታዩኝ። ደግሜ «የለም» ልል አፌን ስከፍት በቀኜ በኩል ወንበሩ ተንቋቋ።

እናትየዋ ተነሥተዋል። ሰማያዊው ጨርቅ ደረታቸው ላይ እንደታሰረ ነው።

«እማማ ይቀመጡ! ይደማል!» አለ ሐኪሙ።

«ይድማ» አሉ፣ ጥጡን እንደነከሱ። ሄደው የተማሪዋን ክንድ ያዙ። «ተነሽ አንቺ።»

ልጅቷ በጣቷ አፏን አመለከተች።

«ይዘሽው ውጪ። በአፍሽ ነው እንዴ የምትሄጅው?» ወደ ነርሷ ዞሩ። «አንቺም።»

«እኔማ ነርሷ ነኝ እማማ፤ መጻፍ አለብኝ።»

«እሱ መጻፍ አልተማረም?» አሉ ሐኪሙን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ሰው ሲናዘዝ አጠገብ አይቆምም። ከተማ ቤተ ክርስቲያን የለም እንዴ?»

እኛ ገጠር አንድ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ዛፍ ሥር ቆሞ ያየ ሁሉ መንገዱን ቀይሮ ያልፋል። የግድ ማለፍ ያለበትም ፊቱን አዙሮ፣ እርምጃውን አፍጥኖ ነው። ዞር በል የሚለው አያስፈልገውም። እሳቸው ያንን የጥርስ ወንበር እንደ ዛፉ ሥር ቆጥረውታል። ሐኪሙ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ሳቀ። መሣሪያውን አጠፋ፣ ካርዱን ከነርሷ ተቀበለ፣ በሩ ተዘጋ።

ነገርሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ምንም ሳይደነቅ ጻፈው። የዚያን ቀን ሽቦውን አላሰረልኝም፤ መድኃኒቱን ለሚያዝልኝ ሐኪም ደብዳቤ ሰጠኝ። መድኃኒቱ በሌላ ተተካልኝ፣ ድዴ ከወራት በኋላ ረገበ፣ ሽቦውም ይኸው አሁን አፌ ውስጥ ነው።

ስወጣ እናትየዋ አግዳሚው ላይ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሁለት ጆሮዋን በነጠላቸው ጫፍ ግጥም አድርገው ይዘዋታል። ልጅቷ ፕላስቲኩን እንደነከሰች ትስቃለች።

«ጨረስሽ ልጄ?»

«ጨረስሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሌላ ቃል አልጠየቁኝም። «የእርስዎን ስሰማ ስላልተነሣሁ ይቅር ይበሉኝ» ልላቸው ፈለግሁ። ይህን ብል ደግሞ መስማቴን መንገሬ ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። ለእሳቸው የተነሣ ሰው አልነበረም። ሥርዓቱን ከእሳቸው እኩል አውቀዋለሁ፤ አድጌበታለሁ። እግርም ነበረኝ። የሐኪም ነጭ ጋዋን ሳይ ረሳሁት፤ እሳቸው ከነሕመማቸው አልረሱትም።

አሁን በየወሩ ሽቦዬን ላስጠብቅ ስሄድ፣ ነርሷ ሌላውን ሰው መጠየቅ ስትጀምር ጨርቁን እንደታሰርሁ ተነሥቼ እወጣለሁ። መጀመሪያ «ቲቸር፣ ሸሹ እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አሁን እስክወጣ ድረስ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

አንባቢ ሆይ፣ የእናትየዋን ሁለተኛ መልስ ጠብቀህ ከሆነ አልጽፈውም። የመጡበትንም ቀበሌ ያልጻፍሁት ለዚሁ ነው። የእሳቸውን የሰማሁት ሳይፈቅዱልኝ ነው። የራሴን ግን ጽፌዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሰርዤው ነበር፤ በሦስተኛው እንዳለ ተውሁት። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን አንብበው ማንነቴን ያውቁ ይሆናል። ብርጭቆዬን የሚለይ ካለ ይለይ። በዚህ ጊዜ የነገርሁት እኔ ነኝ።