የሩዝ እጣቢ የጠጣው ሞተር

ዓሣ አጥማጁ ማ ዳልሱ ከባህር ሲመለስ መጀመሪያ የሚታጠበው ሞተሩ ነው። ሁለተኛም የሚታጠበው ሞተሩ ነው፤ ከውጭ በኩል። የእሱ የራሱ ተራ የሚደርሰው ሚስቱ ኦክቡን አፍንጫዋን ይዛ በር ላይ ስትቆም ነው።

በሃሶ ደሴት ይህን የማያውቅ የለም። ሰውየው ጀልባውን በባህሩ ዳር ወዳለው ተዳፋት መንሸራተቻ ያወጣና ከኋላዋ በተንጠለጠለው ሞተር ሥር ንጹህ ውሃ የሞላ በርሜል ያስገባል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ ውሃው ሆድ ዕቃውን ዞሮ የባህሩን ጨው እስኪያወጣ ድረስ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዓይኑ ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ ከሚፈሰው ውሃ ላይ አይነቀልም። ሞተሩ ራሱን እያቀዘቀዘ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ የደሴቷ ሰዎች ሽንት ይሉታል። ከቀጠነ ፓምፑ ደክሟል፣ ከቆመ ሞተሩ ሊቃጠል ነው።

አብሮ አደጉ ፒዮ ቻንጊ በዚያ ሲያልፍ አፉን ዘግቶ አያውቅም።

«ዛሬስ እንዴት ሸና?»

«እንደ ጎረምሳ።»

«ታዲያ ምናለ ባለቤቱን ቢያስተምረው! ትናንት ከወደቡ ግንብ ጀርባ ቆመህ እኔ አንድ ሲጋራ ጨረስኩ፣ አንተ ገና ነበርክ።»

ዳልሱ ግን ሥራ አለበት። መገጣጠሚያዎቹን ግራሶ ይቀባል። ጨዉ ሞተሩን ትቶ እሱን እንዲበላ የታሰረው የዚንክ ቁራጭ ምን ያህል እንዳለቀ በጣቱ ይለካል። የማርሹን ዘይት በማንኪያ ቀድቶ ወደ ፀሐይ ይይዘዋል፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ማንኪያው የኦክቡን ነው። ካንዴላዎቹን የሚያጸዳበት የጥርስ ብሩሽም የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ግን ለብረት ፍቅር ብቻ አልነበረም። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ የቀድሞ ሞተሩን ጨው በልቶት መሃል ባህር ላይ ቀጥ ብሎ ነበር። ነፋሱ ሁለት ቀን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ሲያንገላታው ቆይቶ፣ በሰው ጀልባ ተጎትቶ ሲመለስ ኦክቡን ግንቡ ላይ ቆማ ጠበቀችው። አላለቀሰችም።

«የሀናም አባት፣ ሁለተኛ በሰው ገመድ ተጎትተህ የመጣህ ቀን ጀልባዋ ትሸጣለች። ጓዛችንን ጠቅልለን ጓንግጁ ከተማ ልጃችን ቤት እንገባለን» አለችው።

እሺ አለ። ኦክቡን ደግሞ ያለችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ልጃቸው ሀናም የምትኖረው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው ሌላ መስኮት ነው። ዳልሱ እዚያ ለአንድ ሳምንት ሄዶ በሦስተኛው ቀን የቤቱን በሮች ማጠፊያ ሁሉ በየተራ ዘይት ሲቀባ ተገኝቷል።

ከዚያ ወዲህ በሃያ ሦስተኛው ዓመት ዝናብ ጠፋ። ከመኸር እስከ ጸደይ ጠብ ሳይል ቀረና የደሴቷ ቧንቧ በስድስት ቀን አንዴ ብቻ ይለቀቅ ጀመር። የመንደሩ ሰብሳቢ በድምጽ ማጉያ ጀልባና ሞተር በቧንቧ ውሃ ማጠብ መከልከሉን ተናገረ። ስም አልጠራም፤ ሰው ሁሉ ግን ዞሮ ወደ ዳልሱ ቤት አየ።

ዳልሱ ገላውን የሚታጠብበትን ድርሻ ለሞተሩ ሰጠ። በአሥረኛው ቀን ኦክቡን መታገሥ አቃታት።

«በቃ፣ ሞተሩ እኔ ዘንድ ይተኛ፤ አንተ ጀልባዋ ላይ እደር። ከሁለታችሁ ንጹሑ እሱ ነው።»

«በጨው ውሃ ልተወው እንዴ? ኋላ ተጎትቼ ስመጣ ምን ልትዪ ነው?»

ኦክቡን ጥቂት አሰበችና ሩዝ ያጠበችበትን ነጭ እጣቢ ከነገንዳው አቀረበችለት። «ሾርባ እሠራበታለሁ፣ ፊቴን እታጠብበታለሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን ፊቴን ያለሰለሰ፣ ብረትህን ምን ያደርገዋል?»

ዳልሱ እጣቢውን ትክ ብሎ አየው። እናቱም ፀጉራቸውን የሚታጠቡት በእጣቢ ነበር። ልጅ ሆኖ ጀርባቸው ላይ ሲታዘል አፍንጫው ሥር ይደርስ የነበረው ያ ለስላሳ ሽታ ድንገት መጣበት። የዘይትን መንጣት በማንኪያ እያየ ሲፈራ የኖረ ሰው፣ ነጩን ውሃ ባልዲ በባልዲ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠው። ጎረቤት ሴቶችም ሰምተው የየቤታቸውን እጣቢ ያዋጡ ጀመር። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዳልሱ የኦክቶፐስ ወጥመዶቹን ሰብስቦ ሲመለስ፣ የሞተሩ ሽንት ቀጠነ። ተንጠባጠበ። ቆመ። ወዲያው የሙቀቱ ማስጠንቀቂያ ይጮህ ገባ። ሞተሩን አጥፍቶ ቀዳዳውን በሽቦ ቢጎረጉር፣ ቢያንኳኳ፣ ቢለምነው ወይ ፍንክች። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባህር እየገፋው ነበር። ከዚያ ከድሮው ሁለት ቀን ይልቅ የልጁ ቤት በሮች ማጠፊያ ዘይት ሽታ ትዝ አለው።

የደረሰለት ቻንጊ ነው።

«ምነው፣ ጎረምሳው?»

«መሽናት አቃተው።»

«አስተማርከዋ!»

ይህን ብሎ ሰማያዊ ገመዱን ወረወረለት። በሃሶ በሰማያዊ ገመድ የሚሠራ ቻንጊ ብቻ ነው። ግንቡ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ግን ከግንቡ በማይታዩበት፣ ከአንድ ትልቅ አለት ጀርባ ቆመ።

«እዚህ ልፍታህ። የአባትህ መቅዘፊያ አለ አይደል?»

መቅዘፊያው ነበረ፤ ከኋላ ቆመው እንደ ዓሣ ጭራ የሚያወዛውዙት ዓይነት። ሃያ ሦስት ዓመት ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«ኦክቡንን ዋሽቻት አላውቅም» አለ ዳልሱ።

«ማን ዋሽ አለህ? ቅዘፍ ነው ያልኩህ። አንተ ጓንግጁ ከገባህ እኔ ማንን ላበሽቅ?»

ቻንጊ ገመዱን ከራሱ ጀልባ ፈቶ ለቀቀው። ዳልሱ የቆመውን ሞተር አየ። ኋላ መቅዘፊያውን አነሳ። ወገቡ ቢያቃስትም እጁ አልረሳም፤ አባቱ ከኋላው ቆመው «ቀስ፣ ውሃውን አትቆጣው» የሚሉት መሰለው።

ኦክቡን ግንቡ ላይ ያሰጣችውን የባህር አረም እያገላበጠች ነበር። ቀና ብላ ባሏን እንደ ድሮ ሰው ቆሞ ሲቀዝፍ አየችው። መንሸራተቻው እስኪደርስ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ደግሞ ሃያ ክንድ የሚሆን ሰማያዊ ገመድ ውሃው ውስጥ ይጎተት ነበር። ዳልሱ ገመዱን ልብ ያለው የእሷን ዓይን ሲከተል ነው።

ኦክቡን ከግንቡ ወርዳ ገመዱን ፈታችና ክንዷ ላይ እየጠመጠመች አጠገቡ ተቀመጠች። ዳልሱ መፍቻውን አንስቶ የሞተሩን ራስ ከፈተ፤ ውሃው የሚዞርበት መንገድ በነጭ፣ በሚሳብ ነገር ተደፍኗል። ኦክቡን በጣቷ ዛቅ አድርጋ አሸተተችው።

«ገንፎ!» አለች። «እጣቢው ውስጡ በስሎ ገንፎ ሆኗል! ሞተርህን ገንፎ ሳበላው ከርሜያለሁ!» እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ዳልሱ አልሳቀም። «ኦክቡን፣ እኔ ዛሬ...»

«ቀዝፈህ መጣህ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ገመዱ...»

«ገመዱ ምን ሆነ? የማስጫ ገመዴ ከተበጠሰ ሰነበተ። ቻንጊ አስቦ ልኮልኛል።» ተነሥታ ወደ ቤት ገባችና የጥርስ ብሩሿን አምጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። «ገንፎውንም በደንብ ጥረግበት። የሚቀጥለው የቧንቧ ቀን የእኔን ድርሻ ትወስዳለህ። እጣቢ ግን ለፊቴ ነው።»

በማግስቱ ቻንጊ በበራቸው ሲያልፍ ሰማያዊ ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ግቢው ላይ ተወጥሯል፤ የባህር አረም በረድፍ ተሰጥቶበታል። ቻንጊ ቆመ። አፉን ከፈተ።

«ምን?» አለች ኦክቡን።

«ምንም» አለ ቻንጊ፤ አልፎም ሄደ።