መቅኔዬን የሰጠሁ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ሸሕዲ መናኸሪያ ቆሜ ከደጋ የሚወርዱትን የሰሊጥ አጫጆች ሳይ፣ አንገቱ የሰለለ፣ ሆዱ ግን ጉብ ያለ ጎረምሳ ከአውቶቡስ ወረደ። አምናም እዚህ ቆላ ሠርቶ መሆን አለበት አልኩ በልቤ። እኔም በዕድሜው እንዲያ ያለ ሆድ ነበረኝ።

ያኔ ከጎጃም ከአብሮ አደጌ ከይበልጣል ጋር ወርጄ፣ ከመተማ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ሰሊጥ አጭድ ነበር። ምሳችን የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነው። የምንተኛው ግራር ሥር፣ በፀሐይ በተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈር ላይ ነው። የምትነክሰንን ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል። አጨዳው ሊያልቅ ሲል ሁለታችንንም ትኩሳት ያዘን፤ የወባ ክኒን ብንውጥም አልለቀቀንም። አሠሪያችን በትራክተር ወደ ጤና ጣቢያ ላከን።

«ካላዛር ይመስላል፤ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው፣ ሆድ የሚነፋ በሽታ ነው። ከመቅኔያችሁ ተወስዶ ይታይ» አሉን ሐኪሞቹ።

ይበልጣል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «መቅኔ መጥጠው ድንበር ያሻግሩታል አሉ። እኔ አልሰጥም።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ሁሉም ይላል።»

በማግስቱ ጨርቁን ጠቅልሎ ሄደ። እኔም አላመንኳቸውም፤ ግን መቆም እንኳ አቅቶኝ ቀረሁ። ከመቅኔዬ ተወስዶ ሲታይ በሽታው ተገኘብኝና መርፌ ጀመሩልኝ። ከዚያ ሂሩት የምትባል ወጣት ተመራማሪ መጥታ፣ ከተወሰደው መቅኔ የተረፈውን ለጥናት እንድፈቅድላት ጠየቀችኝ። ይበልጣል ያለው ይኸው ደረሰ አልኩ።

«ለምንድን ነው የሚፈልጉት?»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ነጭ የደም ሕዋስህ ጀርም እየዋጠ በአሲድ የሚፈጭ ዘበኛህ ነው። ይህ የካላዛር ተሕዋስ ግን ተውጦም አይሞትም፤ እዚያው አሲዱ ውስጥ ይኖራል። ለዚህ የሚረዱት፣ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉት። ሲፈጠሩ አፋቸው ተደፍኖ ነው፤ አይቆርጡም። አሲዱ ሲያገኛቸው መድፈኛው ተቆርጦ ይወድቅና ሥራ ይጀምራሉ።»

«መድፈኛውን ማን ይቆርጠዋል?»

«ራሳቸው ይሁኑ ወይ ሌላ ኢንዛይም ይቅደማቸው፣ የማጠናው እሱን ነው። ካወቅነው፣ መድፈኛው እንዳይከፈት የሚያደርግ መድኃኒት ይሠራ ይሆናል።»

«እኔን ምን ይጠቅመኛል?»

«አንተን? ምንም። እምቢ ብትልም መርፌህ አይቋረጥም።»

ሊያታልል የመጣ ሰው እንዲህ አይልም። ቢሆንም ልየው አልኳት። ብልቃጡን አምጥታ አሳየችኝ፤ የማንኪያ ጫፍ የማይሞላ ቀይ ነገር። ወዴት እንደሚሄድም ጠየቅኋት፤ ጎንደር አለችኝ። ፈቀድኩ።

ድኜ ስወጣ ይበልጣልን ፍለጋ መተማ ዮሐንስ ሄድኩ። ጭነት ይሠራበት ከነበረው መጋዘን ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት፤ አፍንጫው ይደማ ነበር።

«ምን ያህል ወሰዱብህ?» አለኝ፣ ሰላም ሳይለኝ።

በስንት ልመና መኪና ላይ አወጣሁት። መድኃኒቱ ሳይዝለት ጤና ጣቢያው ውስጥ አረፈ። ጓደኞቻችን «እዚያ ገብቶ ነው የሞተው» አሉ። እኔንም ነገሩ ውስጥ ውስጡን በላኝ፤ ሄጄ ሂሩትን ጠየቅኋት። «ሲደርስ ደሙ አልቆ ነበር» አለችና ፊቷን አዞረች። አመንኳት፤ ግን ያን ዕለት አይደለም።

ጥናቷ የት እንደደረሰ አላውቅም። ዛሬም መተማ ላይ ስለ መቅኔው የሚወራው አልጠፋም፤ የሚያወሩትንም ሞኝ አልላቸውም። ይበልጣል ከእኔ የበለጠ ተጠራጣሪ አልነበረም። እኔ ወድቄ ስለነበር ለመጠየቅ ጊዜ አገኘሁ። እሱ ገና መራመድ ይችል ነበር፤ ሳይጠይቅ ሄደ።