እትዬ መቋጫ

ሆስፒታሉ ውስጥ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ለሁሉም «እትዬ መቋጫ» ናት። ሥራዋ የኮምፒውተር ጥገና ነው። ያኔ ከካርድ ክፍል እስከ ላቦራቶሪ ያሉትን ዘጠኝ ኮምፒውተሮች የሚያገናኛቸው አንድ ጥቁር ገመድ ነበር፤ እርሳስ የሚያህል፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚሄድ። መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ቃሉ ምላስ ያስራል። እሷ ታዲያ «ስሙን ያላወቁትን ነገር ሲበላሽ ምን ብለው ይፈልጉታል?» ብላ ለዕቃው ሁሉ ስም አወጣች። ገመዱን ከኮምፒውተሩ የሚያጋጥመውን ባለ ሦስት አፍ ብረት «ባላ» አለችው። መልእክቱ ጫፍ ደርሶ እየተመለሰ መስመሩን እንዳይረብሽ በገመዱ ዳርና ዳር የሚገጠመውን ቆብ ደግሞ «መቋጫ»። ጨርቅም ጫፉ ካልተቋጨ ይተረተር የለ?

ዲግሪውን ይዞ የመጣው አዲስ ኢንጂነር ይህን ሲሰማ ሳቁ አመለጠው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ መጽሐፍ ላይ የለም!»

«መጽሐፉ እዚህ ተቀጥሮ አይሠራማ፣ ልጄ» አለችው። ቂም ግን አልያዘችም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እሷ ጉልበቷን አሟት ቤት እንደዋለች፣ ዘጠኙም ኮምፒውተር ባንዴ ዲዳ ሆነ። የላቦራቶሪ ውጤት ቆመ፤ በሽተኛው ኮሪደሩን ሞላው። ኢንጂነሩ የተማረው አዲሱን ዓይነት ገመድ ነውና ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ እየፈታ ላብ አጠመቀው። ይህን ያየች፣ የዕቃዎቹን ስም ከእትዬ አፍ የለመደች የጽዳት ሠራተኛ ስልክ አንስታ ደወለችላት።

«እትዬ፣ ጉድ ፈልቷል! ሁሉም ጸጥ ብሏል።»

«ትናንት የተነሳ ጠረጴዛ አለ?»

«ላቦራቶሪ። ቀለም ቀቢዎች ገብተው ነበር።»

«በይ ሂጂና የመጨረሻዋን ባላ እያት። መቋጫዋ አለች?»

«ባላዋ አለች፤ አንዱ አፏ ግን ባዶ ነው።»

«እዚያው መሬት ላይ ፈልጊ።»

መቋጫዋ ቁምሳጥን ሥር፣ ቀለም ተለቅልቃ ተገኘች። ሴትዮዋ በሽርጧ ወልውላ፣ ገፋ ጠምዘዝ አድርጋ ገጠመቻት። ወዲያው ከካርድ ክፍል «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ኢንጂነሩ ሰው ነበርና ኩራቱን ዋጥ አደረገ። ማስታወሻ ደብተር ይዞ እትዬ መቋጫ ቤት ሄደ።

«ከሀ ጀምረው ያስተምሩኝ።»

«ከባላ ብንጀምር ይሻላል» ብላ ሳቀች።

ጉልበቷ ሲሻላት ግን መጀመሪያ የሄደችው አስተዳዳሪው ዘንድ ነው። «ያቺን ሴት መወልወያ አስይዛችሁ አታስቀሯትም» ብላ ሦስት ወር ደጅ ጠናች። ሰውየው በመጨረሻ ሲታክተው ፈረመ። የጽዳት ሠራተኛዋም በጥገና ክፍል ረዳትነት ተቀጠረች።