ሁለት ዳይመንድ፣ ከደብል በኋላ

ሐጂ አብዱልሃዲ ጅማ ውስጥ አርባ ዓመት ቡና ቀምሰዋል። ሥራቸው ነበር። በማንኪያ ጭልፍ አድርገው በኃይል ይስቡታል፣ አፋቸው ውስጥ ያንከባልሉታል፣ ይተፉታል፤ ከዚያ የሰርቦ ነው ወይም የአጋሮ ነው ይላሉ። የዛሬ ሦስት ዓመት የቀመሱትን ካለፈው ወር አይቀላቅሉም ይባል ነበር። ምላሳቸውንም ትዝታቸውንም ያምኑ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ እምነት ነው።

ጡረታ ሲወጡ የቀራቸው ፍቅር ብሪጅ ነው፤ አራት ሰው ሁለት ለሁለት ተጣምሮ የሚጫወተው የካርታ ጨዋታ። በወጣትነታቸው አንድ ህንዳዊ የሂሳብ አስተማሪ አስተማራቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለሰፈራቸው ልጅ፣ ለልብስ ሰፊው ለሀቢቡላህ አስተማሩ። ሃያ ሁለት ዓመት አጋር ሆነው ተጫወቱ። ተጋጣሚዎቻቸው ነርሷ እታገኝና ባሏ ነጋሳ ነበሩ።

ጨዋታውን ላስረዳችሁ፤ ከባድ አይደለም፣ ውበቱም እዚህ ጋ ነው። እያንዳንዱ ሰው አሥራ ሦስት ካርታ ይይዛል፤ ይህ «እጁ» ይባላል። የአጋርን ካርታ ማየትም ሆነ ስለ ካርታው ማውራት ክልክል ነው። የሚፈቀደው፣ አጋሮች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ዙሪያውን በተራ መጥራት ብቻ ነው፦ ቁጥርና የካርታ ዓይነት፣ አንድ ልብ፣ ሁለት ዳይመንድ፤ ወይም ፓስ፣ አልፌያለሁ። ሁለት ሰዎች የማይተያየውን እጃቸውን በእነዚህ ጥቂት ቃላት ይነጋገራሉ! የመጨረሻው ጥሪ ቃል ኪዳን ይሆናል። «ሁለት ዳይመንድ» ያለ በስድስት ላይ ሁለት፣ ከአሥራ ሦስቱ ዙር ስምንቱን አሸንፋለሁ ማለቱ ነው። አሥራ አንድ ቢያሸንፍ እንኳ፣ ትልቁን ነጥብ የሚያገኘው አሥራ አንዱን አስቀድሞ ከጠራ ነው።

በመጨረሻው እሁድ፣ ሐጂ እንደሚያስታውሱት፣ ሀቢቡላህ «አንድ ልብ» አሉ። ሐጂ ጠንካራ እጅ ነበራቸው፤ ስድስት ዳይመንድ ከነንጉሡ። «ሁለት ዳይመንድ» አሉ። ሀቢቡላህ ጥቂት አስበው «ፓስ» አሉ፤ ጥሪው እዚያው አበቃ። ሐጂ አሥራ አንድ ዙር አሸነፉ። የጠሩት ግን ስምንት ነበር።

«አንተ ሰውዬ ተኝተሃል?» ብለው ጮኹ። «አዲስ ዓይነት ካርታ ስጠራልህ ትተወኛለህ? ሃያ ሁለት ዓመት በወንፊት ውሃ ስቀዳ ኖሬያለሁ!»

«ያልከኝን ነው የሰማሁት፣ አብዱልሃዲ።»

«ልክ ስትወስድም እንዲህ ነው የምትሰማው? የሰው ሱሪ የሚያጥረው ለዚህ ነዋ!»

ነጋሳ ሳቀ። ሀቢቡላህ አልሳቁም፤ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ረቡዕ ዕለት አጋሮ ወደ ልጃቸው ወደ ሩፈይዳ ሄዱ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወድቀው አልተነሱም።

የቀብር ዕለት፣ ከሶላቱ በፊት፣ የሟች ወንድም እንደ ደንቡ ተነሥቶ «ወንድሜ ያስቀየመው ሰው ካለ አፉ ይበለው» አለ። ይቅር በሉት ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ «አፉ ብለናል» ሲል፣ ሐጂ ከሁሉም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አፉ ብያለሁ!» አሉ። ከልባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ዕረፍት አጡ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ያንኑ እጅ በአራት ወገን ይደረድራሉ። ሀቢቡላህ ካርታ ሊያነሱ ሲሉ፣ ክር እንደሚያረጥብ ልብስ ሰፊ፣ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው ያረጥቡ ነበር፤ ያች ትንሽ ድምፅ ከባዶው ወንበር ትመጣለች። ቀጥሎ «ፓስ» የሚል ይሰማቸዋል። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም ጭምት ነው። ባለቤታቸው ዙቤይዳ ከጓዳ «ከማን ጋ ነው የሚያወሩት?» ትላለች። «ከማንም» ይላሉ።

በሰባተኛው ወር እታገኝ ደም ግፊታቸውን ልትለካ መጣች። ሐጂ እጃቸውን እንደዘረጉ ጥሪውን አሳዩዋት፦ «አንድ ልብ አለ። እኔ ሁለት ዳይመንድ አልኩ። እሱ ተወኝ። ለምን ይመስልሻል፣ ሲስተር?»

እታገኝ ካርታውን አየች። «እኔንስ የት አደረሱኝ?»

«አንቺን?»

«በእናንተ መሃል እኮ ተራው የእኔ ነበር። ደብል ብዬ ነበር፣ ሐጂ። ነጋሳን ይጠይቁት።»

የደም ግፊት መለኪያው እየተነፈሰ ወረደ።

ይህችን አንዲት ቃል በጥንቃቄ ተከተሉኝ። የእታገኝ ደብል «ልቡን ለእነሱ አንተውላቸው፤ ነጋሳ፣ ከሌሎቹ የሚሻልህን ጥራ» ማለት ነው። የሚደንቀው በሐጂ ጥሪ ላይ የሚያደርገው ነው። ደብል ባይኖር፣ በአንድ ልብ ላይ ሁለት ዳይመንድ «ገና አልጨረስኩም፣ አትተወኝ» ይላል፤ አጋር የግድ መናገር አለበት። ደብል ከገባ ግን ያው ጥሪ ይገለበጣል፦ «እጄ ደካማ ነው፣ ያለኝ ረጅም ዳይመንድ ብቻ ነው፣ እዚሁ ተወኝ።» ጠንካራ እጅ የያዘ ሰው በዚያ ቦታ «ሪደብል» ብሎ ያስታውቃል። ይህን ለሀቢቡላህ ያስተማሩት ራሳቸው ሐጂ ነበሩ። ደብሉን ያን ዕለት ሳይሰሙት አለፉ፤ በትዝታቸውም ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሀቢቡላህ የተባሉትን ነው የሰሙት። ሐጂ ባልተበደሉት በደል ሰው ፊት «አፉ ብያለሁ» ብለዋል።

በማግስቱ አጋሮ ወረዱ። ሩፈይዳ «አዴራ» እያለች፣ እንደ አባቷ ወንድም፣ ተቀበለቻቸው።

«አፉ እንድትዪኝ ነው የመጣሁት» አሏት። «አባትሽን ያለ ጥፋቱ ነው ያዋረድኩት።»

«በካርታው ነገር?»

«ነግሮሽ ነበር?»

«ሐሙስ ጠዋት። ‹እኔ ሳልሆን አልቀርም ያጠፋሁት፤ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ እሱ አይረሳም። ሰኞ ሄጄ አፉ በለኝ እለዋለሁ› አለኝ።»

«እሱ አይደለም ያጠፋው» አሉ ሐጂ።

«እኔ በበኩሌ አፉ ብያለሁ፣ አዴራ» አለች ሩፈይዳ። «የእሱን ግን እንዴት ብዬ ልበልልዎ? አጥፊ ነኝ ብሎ እኮ ነው የሄደው።»

ዓርብ ዕለት፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሐጂ አብዱልሃዲ መስጊድ ውስጥ፣ ያን ጊዜ ለቀብሩ ሶላት ቆመው በነበሩት ሰዎች መሃል ቆሙ። ካርታ መጫወታቸውን ብዙዎቹ አያውቁም ነበር፤ እንዲያውቁባቸውም አይፈልጉም ነበር።

«በቀብሩ ቀን አፉ ብያለሁ ያልኩት ስህተት ነው» አሉ። «ሀቢቡላህ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«በምን ጉዳይ፣ ሐጂ?» አለ የሟች ወንድም።

«በካርታ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ካርታ? አስተግፊሩላህ! በዚህ ሽበት?» አለ። ጥቂቶች ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። የሟች ወንድም ግን አልሄደም።

«አልገባኝም» አለ። «ወንድሜ ምን አለ፣ እርስዎ ምን አሉት?»

«አራት ሰው ነው የሚጫወተው» ብለው ሐጂ ጀመሩ፤ በዚህኛው ትረካቸው ግን እታገኝን በተራዋ፣ በእሳቸውና በሀቢቡላህ መሃል አስቀመጧት።